ከቃል ወደ ነጥብ፦ የጽናት ውድድሮችን በቀጥታ የመከታተል ታሪክና የመድረስ ግዴታ

በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የተዘጋጀ



የዛሬው ርእሴ ከዚህ መድረክ ዘወትር ከሚሰሙት ርእሶች ጥቂት ራቅ ይላል። በተራራ፣ በበረሃ፣ በውቅያኖስና በረጅም የብስክሌት ጎዳና ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ተሸክመው ይጓዛሉ። መሣሪያው ያሉበትን ቦታ በየጥቂት ደቂቃው አስልቶ ለአዘጋጆቹ ይልካል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም በየቤቱ ተቀምጦ እነዚያን ሰዎች በካርታ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ሆነው ያያቸዋል።

ከመካከላችሁ “ይህ የምሕንድስና ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ ነውን?” ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የታሪክ ጉዳይ ነው የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ “ያ ሰው በዚያ ሰዓት የት ነበር?” የሚለው ጥያቄ የሙያችን መሠረታዊ ጥያቄ ነው፤ ምስክር የምንሰማው፣ ሰነድ የምናመሳክረው፣ ዱካ የምንከተለው እርሱን ለመመለስ ነው። ሁለተኛ፣ የሌላውን ሰው ሁኔታ የማወቅ አቅማችን ሲያድግ ግዴታችንስ አብሮ ያድጋል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ገለጻዬ የሚያመራው ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ነው። አንድ ሰው የት እንዳለ ማወቅና ለዚያ ሰው መድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን መሣሪያ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሁለተኛውን የሚፈጽመው ግን አስቀድሞ የተሰናዳ ሰው ብቻ ነው።

የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የዓይን ምስክር ዘመን

ለእኛ ቅርብ በሆነው ምሳሌ ልጀምር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም የተካሄደው የኦሎምፒክ ማራቶን ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ተነሥቶ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የሚያበቃ ነበር። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማምሻው ገደማ በመሆኑ የመጨረሻው ክፍል በጨለማ ተከናወነ፤ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ ቢቂላ ከሚጠነቀቅላቸው ተቀናቃኞች አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። በሰፊው እንደሚተረከው ራዲ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ሲጠበቅ የለበሰው 185 ቁጥርን ነበር። ስለዚህ አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ፣ የሚፈልገው ሰው ግን ከጎኑ እየሮጠ ረጅም መንገድ አብረው ተጓዙ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አሸነፈ፤ ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው።

ይህንን ታሪክ ብዙዎቻችን እንደ ጥሩ ጨዋታ እናወሳዋለን። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ማስረጃ ነው። በዓለም ታላቁ የስፖርት መድረክ ላይ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዳርና ዳር ቆሞ እያለ፣ ተወዳዳሪው ተቀናቃኙ የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የራሱ ዓይን ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን የውድድር እውነት የሚጸናውም በዓይን ምስክር ነበር። በመንገዱ ላይ መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ይቆማሉ፤ ዳኛው ያለፈውን ሰው ቁጥር በወረቀት ይመዘግባል። በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሆነውን የሚያውቀው ግን ሯጩ ብቻ ነው። ይህ ክፍተት ለሐሰት በር ከፍቷል። በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ፍሬድ ሎርዝ የመንገዱን አንድ ክፍል በአውቶሞቢል ተጉዞ ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ገባ፤ እንደ አሸናፊ ከተጨበጨበለት በኋላ ነገሩ ተገለጠ። በ1980 በቦስተን ማራቶን ሮዚ ሩዊዝ በ2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ከሴቶች አንደኛ ተባለች። ሆኖም በመቆጣጠሪያ ጣቢያዎቹ ስታልፍ ያያት ሰው ታጣ፤ በመጨረሻው አካባቢ ከተመልካች መካከል ወጥታ ወደ መንገዱ ስትገባ አየናት የሚሉ ሰዎች ደግሞ ተገኙ። ከስምንት ቀን በኋላ ድሉ ለካናዳዊቷ ዣክሊን ጋሮ ተመለሰ። የምንጭ ምርመራ ለምትማሩ ተማሪዎች እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ፤ መኖር ሲገባው ያልተገኘ ማስረጃም ራሱ ማስረጃ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በጫማ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቺፕ በታላላቅ ማራቶኖች ሥራ ላይ ዋለ። ሯጩ በመንገድ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ሲያልፍ ሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል። ይህ የዳኛውን ብዕር በመሣሪያ ተካ እንጂ በሁለት ምንጣፎች መካከል ያለውን ክፍተት አልሞላም።

በቃል የተጻፈ መንገድ

በከተማ ጎዳና ላይ እንዲህ ከሆነ በውቅያኖስ ላይማ የቱን ያህል ይሆን? በ1968 አንድ የብሪታንያ ጋዜጣ “ጎልደን ግሎብ” የተባለ ውድድር አወጀ። ሰው ብቻውን በመርከብ፣ የትም ሳያርፍ፣ ዓለምን እንዲዞር የሚጠይቅ ነበር። ቀድሞ ለሚመለሰው ዋንጫ፣ ባጠረ ጊዜ ለሚያጠናቅቀው 5,000 ፓውንድ ተመደበ። 9 ሰዎች ተነሡ፤ የጨረሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ነው። ሬዲዮው ስለ ተበላሸበት ለወራት ድምፁ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ከ312 ቀናት በኋላ ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ወደ ተነሣበት ወደብ ተመለሰ።

በዚያ ውድድር ውስጥ ተወዳዳሪው የት እንዳለ የሚታወቀው እርሱ ራሱ በሚናገረው ቃል ነበር። ዶናልድ ክሮውኸርስት በዚህ ቃል ላይ የቆመውን እምነት አፈረሰው። ጀልባው ለደቡባዊው ውቅያኖስ እንደማትበቃ በተረዳ ጊዜ በአትላንቲክ ላይ እየተንሳፈፈ ቆየ፤ በሬዲዮ ግን ዓለምን እየዞረ እንደሆነ የሚያስመስል ወሬ ላከ። በሚያዘጋጀው የሐሰት መዝገብና በእውነተኛው ጉዞው መካከል ያለው ልዩነት እያደር ሰፋ። ባዶ ጀልባው ጁላይ 10 ቀን 1969 በአትላንቲክ ላይ ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ እርሱ ግን አልተገኘም። እውነቱ የታወቀው መዝገቦቹ ተመርምረው ነው።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው የአንድ ሰው የአእምሮ መከራ ታሪክ ተደርጎ ይነገራል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ትኩረታችሁን ወደ ሌላ ሰው መሳብ እሻለሁ። ናይጀል ቴትሊ የተባለው ተወዳዳሪ ዓለምን ዞሮ ወደ አገሩ እየቀረበ ነበር። ክሮውኸርስት ከኋላው በፍጥነት እየደረሰበት ነው የሚል ወሬ ሰማ። ሽልማቱ እንዳያመልጠው ሲል የተጎዳች ጀልባውን ከአቅሟ በላይ አስሮጣት፤ በሜይ 1969 በአዞር ደሴቶች አጠገብ ተሰባብራ ሰጠመች። ሕይወቱ ተርፏል። ነገር ግን ጀልባዋን የሰበራት ማዕበሉ ብቻ አልነበረም፤ በቦታው ያልነበረ ሰው የሐሰት ስፍራም አብሮ ሰብሯታል። ስለ ቦታ የሚነገር ቃል፣ እውነትም ሆነ ሐሰት፣ በሌሎች ሕይወት ላይ እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከሰማይ የመጣ መልስ

መልሱ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በፈረንሳይና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር በ1978 ሥራ የጀመረው አርጎስ የተባለው ሥርዐት ነው። የተሠራው ለባሕርና ለአየር ጠባይ ጥናት ነበር፤ ተንሳፋፊ መሣሪያዎችንና የዱር እንስሳትን ለመከታተልም ውሏል። በ1980 አትላንቲክን ብቻን በማቋረጥ ውድድር ላይ ጀልባዎቹ የአርጎስ ምልክት አስተላላፊ ተገጠመላቸው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1976፣ በዚያው ውድድር ፈረንሳዊው ኤሪክ ታባርሊ ወሬው ሳይሰማ ቆይቶ ኒውፖርት ሲደርስ አሸናፊነቱ ለብዙዎች ዱብ ዕዳ ሆኖ እንደ ነበር ስናስታውስ የለውጡን መጠን እንገነዘባለን።

ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። የአሜሪካ ጦር ፕሮጀክቱን በ1973 ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በፌብሩዋሪ 1978 ተተኮሰች። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 መንገዱን የሳተ የደቡብ ኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዐቱ ሲጠናቀቅ ለሰላማዊ አገልግሎትም ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። በ1995 ሥርዐቱ ሙሉ በሙሉ ዝግጁ መሆኑ ተነገረ። ሆኖም ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆነ ተብሎ ስለሚዛባ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በሜይ 2000 መባቻ ተነሣ። ዛሬ ሯጭ የታጠቀው የእጅ ሰዓት የዚህ ውሳኔ ልጅ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለና። የጂፒኤስ መሣሪያ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች፣ ቢያንስ ከአራቱ፣ የሰዓት ምልክት ይቀበላል፤ ምልክቶቹ ለመድረስ ከፈጀባቸው ጊዜ ተነሥቶም ያለበትን ቦታ ያሰላል። ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሳተላይቶቹ እናንተ የት እንዳላችሁ አያውቁም። ቦታው ለሌላ ሰው እንዲደርስ ሁለተኛ መስመር ያስፈልጋል፤ ይህም የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ወይም እንደ ኢሪዲየምና ግሎባልስታር ያለ የመገናኛ ሳተላይት ነው። በ2007 መጨረሻ “ስፖት” የተባለው ርካሽ መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቀፎ ውስጥ አጣምሮ ለተራው ተጓዥ አደረሰ።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ “ቀጥታ” የምንለው ነጥብ በትክክል ሲነገር ቀጥታ አይደለም። ባትሪ ለመቆጠብ መሣሪያው በየ5፣ በየ10 ወይም ከዚያ በሚበልጥ ደቂቃ አንድ ጊዜ ይልካል፤ ገደል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ወይም ጠባብ ሸለቆ ደግሞ ምልክቱን ያዘገየዋል። በካርታው ላይ የምታዩት ሰው ከደቂቃዎች በፊት በዚያ የነበረው ሰው ነው። ነጥብ እንደማንኛውም ሰነድ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት ያለው፣ ጸሐፊው መሣሪያ የሆነ ምንጭ ነው። ሊመረመርም ይገባዋል።

የጠፋ ሰውና የጠፋ ምልክት

በ1994 በሞሮኮ በሚካሄደው የሰሃራ ማራቶን ላይ ጣሊያናዊው ማውሮ ፕሮስፔሪ የአሸዋ ማዕበል ገጥሞት መንገዱን ሳተ። በእጁ ኮምፓስና የአደጋ ጊዜ ርችት ነበረው፤ ርችቱን ቢተኩስም ከላይ ያለፈው ሄሊኮፕተር አላየውም። በአንድ የተተወ የመቃብር ቤት ውስጥ ተጠልሎ የሌሊት ወፍ እየበላ ቆየ፤ ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ። ከዚያም ተነሥቶ ተጓዘ፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በአልጄሪያ በረሃ ዘላኖች አግኝተው አዳኑት። ከመንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ፈላጊዎቹ ፈቃድ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው የት እንደሚፈልጉት ማወቅ ነበር። ዛሬ በዚያ ውድድር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መከታተያ መሣሪያ ይዞ ይሮጣል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የምልክት ወሰን ታየ። በ1996 የተጀመረው ቫንዴ ግሎብ የተባለው ዓለምን ብቻን የመዞር የጀልባ ውድድር እጅግ ከባድ ነበር። በጃንዋሪ 1997 የተገለበጡት ቶኒ ቡሊሞርና ቲዬሪ ዱቧ በአውስትራሊያ የባሕር ኃይል የዳኑት ምልክት አስተላላፊዎቻቸው ስፍራቸውን ስለ ተናገሩ ነው። በዚያው ወር ግን የካናዳዊው ጄሪ ሩፍ የአርጎስ ምልክት በደቡብ ፓስፊክ ላይ በድንገት ተቋረጠ። ኢዛቤል ኦቲሲዬ የራሷን ጉዞ አቋርጣ በዚያ ማዕበል ውስጥ ፍለጋ ገባች፤ አላገኘችውም። የጀልባው ቅሪት በዚያው ዓመት በቺሊ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ታየ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ የማስቀምጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በፕሮስፔሪ ጊዜ ዝምታ የተለመደ ነገር ነበር፤ በበረሃ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም። በሩፍ ጊዜ ግን ዝምታው ራሱ መልእክት ሆነ። ምልክት የለመደ ዓለም የምልክትን መቋረጥ እንደ ጩኸት ይሰማዋል። ዳሩ ግን ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው፤ ባትሪ ሊያልቅ፣ መሣሪያ ሊሰበር፣ ወይም ሰው ሊሞት ይችላል። ይህንን የሚተረጉመው ሰው ነው።

ነጥቡን የሚጠብቁ ዓይኖች

ከ2008 ወዲህ በረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞዎች ላይ አዲስ ዓይነት ተመልካች ተፈጠረ። ከካናዳ ተነሥቶ በተራሮች ሰንሰለት እስከ ሜክሲኮ ድንበር የሚወርደው “ቱር ዲቫይድ”፣ ከ2013 ጀምሮ አውሮፓን የሚያቋርጠው “ትራንስኮንቲኔንታል” ቴሌቪዥን አይከተላቸውም፤ ስታዲየምም የላቸውም። ተመልካቾቻቸው ካርታው ላይ ነጥብ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ነጥቡ ለምን ቆመ? ተኝቶ ነው? ጎማው ተነፍሶ ነው? እያሉ ሌሊቱን ያነጋሉ። በ2019 ጀርመናዊቷ ፊዮና ኮልቢንገር ወንድ ሴት ሳይለይ በአንድነት የሚካሄደውን ትራንስኮንቲኔንታል በአጠቃላይ ስታሸንፍ ዓለም ያያት በቅድሚያ እንደ ነጥብ ነበር። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ጃስሚን ፓሪስ የተባለች እንግሊዛዊት፣ ልጇን እያጠባች ባለችበት ወቅት፣ 268 ማይል የሚሆነውን የስፓይን ውድድር በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ስትፈጽም እንዲሁ ነበር።

ይህ ተመልካችነት ግን መራራ ጎን አለው። ትራንስኮንቲኔንታልን የመሠረተው ማይክ ሆል ማርች 31 ቀን 2017 በአውስትራሊያ አህጉር አቋራጭ ውድድር ላይ ሳለ በካንቤራ አቅራቢያ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የሚከታተሉት ሰዎች ነጥቡ ቆሞ አዩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይኖች አንድን ሰው እያዩት አንዳቸውም በአጠገቡ አልነበሩም። ውድድሩም በዚያው ተቋረጠ።

ጋንሱ፣ ሜይ 22 ቀን 2021

አሁን ወደ ገለጻዬ እምብርት ደርሻለሁ። በቻይና በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ በባይይን ከተማ አስተዳደር፣ በቢጫ ወንዝ የድንጋይ ደን 100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተዘጋጀ። 172 ሰዎች በማለዳ ተነሡ። እኩለ ቀን ገደማ ከባድ ነፋስ፣ በረዶና ቀዝቃዛ ዝናብ በድንገት ወረደባቸው። ያኔ በመሪነት ላይ የነበሩት ሯጮች በሁለተኛውና በሦስተኛው መቆጣጠሪያ ጣቢያ መካከል ባለው አቀበት ላይ ነበሩ፤ ይህ ክፍል ተሽከርካሪ የማይደርስበት ገላጣ ስፍራ ነበር። ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ከግዴታ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ብዙዎቹ የለበሱት ስስ ልብስ ነበር። 21 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው። ከሟቾቹ መካከል በቻይና እጅግ የታወቀው የረጅም ርቀት ሯጭ ሊያንግ ጂንግ ይገኝበታል።

ሯጮቹ የጂፒኤስ መከታተያ መሣሪያ ይዘው ነበር። ከተረፉት አንዱ እንደ ተናገረው ራሱን ከመሳቱ በፊት በመጨረሻ ኃይሉ የድረሱልኝ ቁልፉን ተጭኗል። ሲነቃ ያገኘው ግን የነፍስ አድን ጓድ አልነበረም። ጁ ክሚንግ የተባለ እረኛ በዋሻ ውስጥ እሳት አንድዶ፣ የረጠበ ልብሱን አውልቆለት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት ነበር። ይህ እረኛ በዚያች ቀን 6 ሰዎችን አዳነ። በዋሻው ውስጥ ልብስና ምግብ ያስቀመጠው ለራሱ ክፉ ቀን ነበር።

መንግሥት ባደረገው ምርመራ ብዙ ባለሥልጣናት ተጠያቂ ሆኑ፤ በአገሪቱም እንዲህ ያሉ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ውድድሮች ታገዱ። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። በ1994 የጎደለው እውቀት በ2021 በእጅ ነበር። ሰዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ ይቻል ነበር። የጎደለው ከነጥቡ እስከ ሰውየው ያለው መንገድ ነው፤ ይኸውም በአቀበቱ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ አዳኝ፣ ውድድሩን የማቆም ሥልጣን ያለው ውሳኔ ሰጪ፣ አስቀድሞ የታዘዘ ልብስ ነው። መሣሪያው ለአዘጋጆች የዝግጁነትን ስሜት ይሰጣል፤ የዝግጁነት ስሜት ግን ዝግጁነት አይደለም። እንዲያውም እኔ እንደማምነው “መከታተያ ይዘዋል” የሚለው መጽናኛ ሌሎቹን ጥንቃቄዎች ሊያላላ ይችላል።

ነጥቡ የማን ነው?

አንድ ሌላ ክርክር አለ። በ2017 መጨረሻ “ስትራቫ” የተባለው ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የሩጫና የብስክሌት ዱካዎች በአንድነት የሚያሳይ የዓለም ካርታ አወጣ። በጃንዋሪ 2018 በካርታው ላይ በበረሃ መካከል የሚያበሩ ቀለበቶች የጦር ሰፈሮች ሆነው ተገኙ፤ ወታደሮች በሰፈራቸው ዙሪያ ሲሮጡ የተዉት ዱካ ነበር። የአካል ብቃት መዝገብ የጦር ምስጢር ገለጠ። ዱካ አንዴ ከተመዘገበ ባለቤቱ ላላሰበው ነገር ሊውል እንደሚችል ዓለም ያን ጊዜ ተረዳ።

በሴፕቴምበር 2024 በዙሪክ በተካሄደው የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና የ18 ዓመቷ ስዊሳዊት ሙሪየል ፉረር በዝናባማ ቁልቁለት ላይ ወድቃ ከመንገዱ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ ቀረች። ወዲያው ያያት አልነበረም፤ በማግስቱ ዐረፈች። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ብስክሌተኛ በጂፒኤስ መከታተል እንደሚገባ ወሰነ። በኦገስት 2025 በስዊዘርላንድ በተካሄደ የሴቶች ውድድር ላይ ሙከራ ሲጀምር ግን አምስት ቡድኖች መሣሪያውን የሚይዝ ሰው ለመሰየም ባለመስማማታቸው ከውድድሩ ተሰናበቱ። የክርክሩ ጭብጥ መረጃው የማን ነው፣ መሣሪያው ጉዳት ቢያመጣ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነበር። በቀጣዩ ወር በሩዋንዳ ርእሰ ከተማ በኪጋሊ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ መከታተያው ለሁሉም ተወዳዳሪዎች ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። በጫካ ውስጥ የወደቀች ልጅ ልትገኝ ይገባታል። የሯጭ ወይም የብስክሌተኛ አካል የሚያወጣው መረጃም ያለ ፈቃዱ ገበያ ሊወጣ አይገባውም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ለምን ዓላማ፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው። ለደኅንነት የተሰበሰበ መረጃ ለደኅንነት ብቻ ይዋል፤ ውድድሩ ሲያበቃም ዕጣው ይታወቅ።

ከእኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን ምን ይነግረናል? በገጠራችን የኖራችሁ ሁሉ የኡኡታን ሥርዐት ታውቃላችሁ። በሌሊት አንድ ሰው “ኡኡ!” ብሎ ሲጮኽ ድምፁን የሰማ ሁሉ ያለ ጥያቄ ይነሣል፤ ዱላ የያዘ በዱላው፣ ችቦ የያዘ በችቦው ይደርሳል። ሰምቶ ያልደረሰ ሰው በማግስቱ በጎረቤቶቹ ፊት ያፍራል። በዚህ ሥርዐት ጩኸትና መድረስ የተነጣጠሉ አልነበሩም፤ መስማት ማለት ራሱ ግዴታ ውስጥ መግባት ነበር። ጩኸቱ የሚሰማበት ርቀት አጭር ነበር፤ የሰማው ሰው ግን በእግሩ ሊደርስ የሚችል ነበር።

ሳተላይቱ ያደረገው ይህንን ነው፤ ጩኸቱን ወደ ዓለም ዳርቻ አሰማው፤ መድረስን ግን በነበረበት ተወው። በቶኪዮ ያለ ሰው በጋንሱ ያለውን ነጥብ ያያል፤ የሚደርሰው ግን አሁንም እረኛው ነው። ስለዚህ በሀገራችን ተራሮች ላይ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ከመሣሪያው ግዢ በፊት ከአካባቢው ሰው ጋር ይምከር። ደመናው ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ዋሻ ከነፋስ እንደሚያስጠልል፣ በቅሎ በየት በኩል እንደምትወጣ የሚያውቀው እርሱ ነው። ያ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ስምና ድርሻ፣ ለድካሙም ተገቢ ክፍያ ሊኖረው ይገባል።

ከመካከላችሁ በምሕንድስና፣ በጂኦግራፊ መረጃና በስፖርት ሳይንስ የምትማሩ አላችሁ፤ ነገ እንዲህ ያለውን ሥርዐት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። አራት ጥያቄዎችን አደራ እላችኋለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርታውን በኃላፊነት የሚመለከተው ማን ነው? ነጥቡ ለስንት ደቂቃ ከቆመ ወይም ከጠፋ ነው ሰው የሚነሣው? የሚነሣው ሰው ከየት ተነሥቶ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ውድድሩን የማቆም ሥልጣንስ በማን እጅ ነው? እነዚህ አራቱ በወረቀት ላይ ካልተመለሱ መሣሪያው የሚያበረክተው ነገር ቢኖር አደጋው የት እንደ ደረሰ ለኋላ መርማሪ መንገር ብቻ ነው።

ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ አደራ አለኝ። የክሮውኸርስት እውነት የታወቀው መዝገቦቹ ስለ ተጠበቁ ነው። የዛሬዎቹ ዱካዎች በድርጅቶች ኮምፒውተሮች ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ክፍያው ሲቋረጥ ይጠፋሉ። አደጋ በደረሰ ጊዜ ነጥቡ መቼ እንደ ቆመና ማን መቼ እንዳየው የሚመሰክረው ያ መዝገብ ነው። የሟች ቤተሰብ “ልጃችን በዚያች ሰዓት የት ነበር? ማንስ አይቶት ነበር?” ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሊሰጥ የሚችል ምንጭ እንዲኖር ከአሁኑ መሥራት የእኛ ሙያ ድርሻ ነው። ለጥናት የሚጠበቀው መዝገብ ቀደም ብዬ ላነሣሁት የባለቤትነት ሕግ ተገዢ መሆን እንዳለበት ግን አትርሱ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁና አስተያየቶቻችሁ እንለፍ።